ስልክሽን ቀይሪ

ጥቅምት 6

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስሽ ጤና ሆነሽ፣ ጉልበትሽም ቤትሽም ሰላም ሆኖ ታግኝሽ። እኔ ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩም። ሰሞኑን የከተማው ሊፍት ሁሉ ተመካክሮ የቆመ ይመስላል። ትናንት አንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች በፎቅና በፎቅ መካከል ተይዘው፣ ጓደኛዬ ከላይ ማሽኑ ክፍል እስኪደርስ ድረስ እኔ አፌን በሩ ላይ ገጥሜ ሳወራቸው ቆየሁ። አንደኛዋ «አለህ?» ትለኛለች፣ «አለሁ» እላለሁ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አለህ?» ይህን ሥራ ስጀምር ብረት መፍታት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ግማሹ ማባበል ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በእሑዱ የቤተሰብ የቪዲዮ ጥሪ ላይ ያላነሳሁት እዚያ ሁላችንም እኩል ስለምናወራና ታላቃችን ጋሼም አንዴ ከጀመረ ስለማያቆም ነው። በኢሜይልም ቢሆን እንደ ዱሯችን ደብዳቤ ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ነው።

እትዬ፣ ስልክሽን ቀይሪ። ጋሼ አይፎን ነው የያዘው፣ ትንሿ እኅታችን ሚጡም እኔም እንደዚያው። አንቺ ብቻ ነሽ አንድሮይድ ላይ የቀረሽው። ሦስታችን በአይፎኑ በኩል አንድ ቡድን አለን፤ ፎቶውም ወሬውም እዚያ ያልቃል፣ ከዚያ ለአንቺ እንደገና በሌላ በኩል መላክ አለብን። አንዳንዴ ደግሞ እንረሳለን። ባለፈው ሚጡ የልጇን ፎቶ ላከች። እሑድ ዕለት «አየሽው?» ስትልሽ «አየሁት፣ በጣም ያምራል» አልሻት። ለአንቺ እንዳልላከችው ያወቅነው ኋላ ነው። ምን ነክቶሽ ነው ብለን ሳቅን፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም። እኅታችንን ከደጅ አስቀምጠን እኛ ውስጥ የምንጫወት መሰለኝ።

እዚህ አንድ አይፎን አለኝ፤ ብዙ ያልተሠራበት ነው፣ መስታወቱ እንኳ አልተጫረም። ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ፤ አንቺ እሺ በይ ብቻ።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች።

ታናሽ ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ለወንድሜ፣ ለቤታችን ሊፍት ጠጋኝ፣

ሰላምህ ይብዛ። የምትወጣበትን መሰላል ሁሉ ፈጣሪ ያጽናልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱም ደህና ነው። ደረጃው ላይ ያለችው ጎረቤቴ አሁንም በሯን እየወረወረች ነው የምትዘጋው፤ እሱን ስሰማ ነጋ እላለሁ።

ስለ ስልኩ አስበህልኛልና ተባረክ። ግን የእኔ ምን ሆነ? ይደውላል፣ ይነሳል። ጣቴ ለምዶታል። አንተ አዲስ ነገር ስታይ ከልጅነትህም ያስቸኩልህ ነበር፤ እኔ ደግሞ የያዝኩትን መልቀቅ ይከብደኛል። በአንድ ቤት አድገን እንዲህ መለያየታችን ይገርመኛል። የሚጡን ፎቶ ነገር ተወው፤ የሕፃን ፎቶ ነው፣ ሳይታይም ያምራል።

ከሥራ ትንሽ አረፍ ብያለሁ። ማተሚያ ቤቱ ያው ነው፤ ወረቀት ጠፋ ይላሉ፣ ቀለም ተወደደ ይላሉ። አራሚ ሆኜ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ጎበዝ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ መንደሬን ቀይሬያለሁ። አዲሱ ትንሽ ያዞረኛል፤ ሲለመድ ይሻላል ብለውኛል። አንተም አትጠመቅ።

ሙሽሪት ምነው ጠፋችብኝ? ከሠርጓ ቀን ጀምሮ በዚህ ስም ጠርቻት አንድም ቀን ተቆጥታ አታውቅም። ዱሮ በወር አንዴ እሷው ትደውልልኝ ነበር፤ አሁን ሰላምታዋ በአንተ ደብዳቤ ግርጌ ብቻ ሆነ። ንገራት።

እኅትህ


ጥቅምት 21

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ጤናሽ ይስተካከልልሽ። ዛሬ ወዲያው የጻፍኩት አስደንግጠሽኝ ነው። መንደር ቀየርኩ ስትዪ ወዴት? ያን ቤት ለማን ትተሽ? ለምን ለጋሼ አልነገርሽም? እኔም ብሆን በአንድ መስመር እንዲህ ጣል የሚደረግ ነገር ነው ወይ?

ደግሞ «አትጠመቅ» ያልሽኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አትጨነቅ ለማለት ነው ብዬ ገመትኩ። እትዬ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ የምጽፍልሽን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ፣ ከመልስሽ ጋር አጥፈሽ የምትልኪልኝ ሰው ነሽ። አንዲት ነጥብ አላሳለፍሽልኝም። አሁን አንቺው እንዲህ ስትጽፊ ሳይ ተቻኩለሽ ነው ወይስ አሞሽ ነው?

ስልኩን ልኬዋለሁ፤ አትቆጪኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደዚያ ሊመጣ መሆኑን ድንገት ሰማሁና ሰጠሁት፤ ደጅሽ ድረስ ያመጣልሻል። አዲሱን አድራሻሽን ስለማላውቅ የዱሮውን ነው የሰጠሁት፤ ከሄድሽ ለጎረቤት ንገሪልኝ። መክፈቻ ቁጥር የለውም፣ አንስቼዋለሁ። ሰፈር ውስጥ ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ውሰጂው፤ ከአሮጌው ያለሽን ሁሉ ወደ አዲሱ ያሻግርልሻል። ከዚያ እሑድ ካሜራሽን ከፍተሽ ፊትሽን እንይ። ተዘግቶ ከከረመ ቆየ። ሚጡ «እትዬ ሸብቶባት ነው የምትደበቀን» ትላለች።

ባለቤቴ ሥራ በዝቶባት ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 17

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? መልሴ እንደዘገየ አውቃለሁ፤ ልጽፍ እየጀመርኩ እየተውኩት ነው።

መንደር አልቀየርኩም። መነጽር ነው የቀየርኩት። ስልኩ የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ እኔም መልሼ አላየሁትም። ይህን ያህል ትሸበራለህ ብዬ አላሰብኩም።

ባልደረባህ ጨዋ ሰው ነው። ደረጃውን ወጥቶ በሩን ሲያንኳኳ የጫማው ኮቴ ያንተን መስሎኝ ተጣድፌ ከፈትኩ። አልገባም አለ፣ ውኃ ብቻ ጠጣ። «ወንድምዎ ከስቷል፤ ሥራ ያበዛል፣ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው» አለኝ። «ሚስቱስ?» ስለው መኪና ይጠብቀኛል ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ስልኩን ይዤ ወርጄ ከፋርማሲው አጠገብ ወዳለው ጠጋኝ ሄድኩ። ከመቀየሬ በፊት እንዴት እንደሚሠራ ይንገረኝ ብዬ ነው፤ ቃሌን አልሰጠሁህም። ሰውየው ታጋሽ ነው። ሱቁ ጠባብ ስለሆነች ደንበኛ ሲገባ እሱ ወንበሩን ያጥፋል።

ስልኩን ከፈተና፣ «እናቴ፣ ይህ የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው፤ ወንድሜ ነው የላከልኝ።»

«ስምዎት ይሄ ነው?» ብሎ የተጻፈውን አነበበልኝ። የሙሽሪት ስም፣ ከነአባቷ።

ወረድ ብሎ አየና፣ «ሁሉ ነገሯ አለበት፤ ፎቶው፣ መልእክቱ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሳይቀር። ላጥፋውና ንጹሑን ልስጥዎት?» አለኝ።

«ቆይ፣ ባለቤቱን ልጠይቅ» አልኩት።

እናም እየጠየቅኩህ ነው። ሴት ልጅ ሥራ ስለበዛባት ስልኳን ከነሕይወቷ አውጥታ ለባሏ እኅት አትሰጥም። ሙሽሪት የት ናት? ታማ ነው? ደህና ከሆነች ደህና ናት በለኝ፣ ካልሆነችም እንደሆነው ንገረኝ። ከዚህ በላይ አልጨቀጭቅህም።

እኅትህ


ታኅሣሥ 20

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። በዝምታዬ የተቀየምሽኝ ይመስለኛል፤ አልፈርድብሽም።

ሄዳለች። ወራት አልፈዋል። አልታመመችም፣ አልተጣላንም፤ ሳህን እንኳ አልተሰበረም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝ። «ከአንተ ጋር ስሆን ብቻዬን ከምሆነው በላይ ብቻዬን ነኝ» አለችኝ። እትዬ፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው በብረት በር በኩል «አለሁ፣ አይዞሽ፣ አለሁ» ስል ነው የምውለው። ቤቴ ስደርስ አፌ ያልቃል። እሷ ታወራኛለች፣ እኔ እህ እላለሁ። ኋላ ኋላ እሷም ተወችው። እኔ ሰላም የወረደ መስሎኝ ነበር።

አዲስ ስልክ ገዝታ ያላትን ሁሉ ወደዚያ አሻገረችና ይሄን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። ሳታጠፋው የተወችው ረስታ ይሁን ንቃ አላውቅም። አልጠየቅኳትም። ልጥለው እጄ እንቢ አለኝ፤ ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። ለአንቺ ብልከው ሁለት ነገር ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ አንቺም ወደ እኛ ትገቢያለሽ፣ እሱም ከቤቴ ይወጣል። ሳላጸዳው መላኬ ግን ነውር ነው። ለማጽዳት መክፈት ነበረብኝ፤ መክፈቻ ቁጥሩን ያነሳሁት እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው ብልሽ ትስቂብኛለሽ።

ሰላም ብላሻለች እያልኩ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። እሱን ካቆምኩ መሄዷ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ነው።

አሁን እኔም ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «አነበበልኝ» ብለሻል። ለአንቺ? ስልኩ የሰማውን ይጽፋል ብለሻል። ካሜራ አትከፍቺም። ያልተላከልሽን ፎቶ አየሁት አልሽ። ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እኔ ሞኝ፣ አዲስ ስልክ ይዤ ስጨቀጭቅሽ ከረምኩ።

እትዬ፣ ዓይንሽ ያያል ወይ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 22

ለወንድሜ፣ ለልቤ ሰው፣

ፈጣሪ ያጽናህ። ደብዳቤህን ስልኩ ሲያነብልኝ ቀልድህንም ሐዘንህንም በአንድ ድምፅ ነው የሚለው፤ እኔ ግን ድምፅህን ከውስጡ ለየሁት። ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ሙሽሪትን አልፈርድባትም፣ አንተንም አልፈርድብህም። ምሳህን ተቀምጠህ ብላ፤ ለጊዜው የምልህ ይሄን ብቻ ነው።

ዓይኔ ትንሽ ያያል። በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነኝ፤ መካከሉ አለ፣ ዙሪያው የለም። መካከሉም እየደበዘዘ ነው። ግላኮማ ይባላል። ሐኪሟ ሳታድበሰብስ ነው የነገረችኝ፤ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን» አለችኝ። ጠብታውን አላስተጓጉልም።

የጀመረኝ ሥራ ላይ ነው። መስመሩን አንብቤ ስጨርስ የሚቀጥለው ይጠፋኛል። ያነበብኩትን ደግሜ አነባለሁ። መብራት ለወጥኩ፣ መነጽር ለወጥኩ፣ ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አንድ ቀን የረሳሁትን ሻርፕ ልወስድ ስመለስ፣ እኔ አርሜ የፈረምኩበትን ወረቀት ያ አሁን ወንበሬ ላይ የተቀመጠው፣ ጎበዝ ነው ያልኩህ ሰው ጎንበስ ብሎ እንደገና ያርመዋል። ለካ ከእኔ በኋላ ሁሉንም እያነበበ ነው፤ ለአለቃም አልተናገረ፣ ለእኔም አላለ። ሲያየኝ እስክሪብቶውን ደበቀ። «ቀጥል» አልኩትና ሻርፔን ይዤ ወጣሁ። በሳምንቱ ደክሞኛል ብዬ ለቀቅኩ። ውሸት አልነበረም፤ ደክሞኝ ነበር።

ለእናንተ ያልነገርኩት እንዳትራሩልኝ ብቻ አይደለም። ጋሼ ይመጣና ቤቴን ሸጬ እሱ ዘንድ እንድገባ ይጨቃጨቃል። ሚጡ ታለቅሳለች፣ እኔ አባብላታለሁ። ለዚያ ጉልበት አጣሁ።

አሁን ስለ ስልኩ። ዓይነ ሥውራን ማኅበር ውስጥ አንዲት አስተማሪ አለች፤ እሷም አታይም። ስልክ በጆሮ መጠቀም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጣትህን ስትነካው ያለበትን ይነግርሃል፤ ሁለቴ መታ ስታደርገው ይከፍታል። ሲነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለሚጡ ልደውል ብዬ ለቧንቧ ሠራተኛው ደውዬ፣ እሱም መጣልኝ። አልጋ ላይ ወርውሬው የተነፋረቅኩበት ቀን አለ። አስተማሪዋ «ከጣትሽ ጋር አትጣዪ፣ ጣትሽ ሕፃን ነው» ትለኝ ነበር። ቀስ በቀስ ለመደ። ዛሬ መልእክቴን እሰማለሁ፣ መድኃኒቴን ያስታውሰኛል፣ የታሸገ ነገር ላይ የተጻፈውን አሳይቼው ያነብልኛል። ከማተሚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ሰው የሆንኩት በእሱ ነው።

የላክኸውን አልናቅኩትም። ለአስተማሪዋ ወስጄላት አብረን ሞከርነው። እሱም ይናገራል፤ ጥሩም ነው ትላለች፣ ከተማሪዎቿ ግማሾቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው። የእኔ ጣት ግን እንቢ አለ። እዚህ በሁለት ጣት የምገፋው እዚያ በሦስት ነው። ድምፁ ሌላ፣ መንገዱ ሌላ። ለእናንተ ስልክ መቀየር ከአንድ ወንበር ተነስቶ ሌላው ላይ መቀመጥ ነው፤ ለእኔ ግን ሁለተኛ መታወር ሆነብኝ። የመጀመሪያውን ገና አልጨረስኩትም። ስለዚህ አልቀይርም፤ አትቀየመኝ።

የሙሽሪትን ስልክ በመሳቢያ አስቀምጬልሃለሁ። ላጥፋው ወይስ ልመልሰው?

ጋሼና ሚጡ የእኔንም የአንተንም አያውቁም። እኔ መደበቅ ታክቶኛል። አንተስ?

እኅትህ


ጥር 12

ለእትዬ፣

ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ የቀረውን ብርሃንም አይንሳሽ። መልስ ለመጻፍ ስነሳ ለቅሶ አስቸገረኝ፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ልሥራ ብዬ ነው የቆየሁት።

ስልክ ቀየርኩ። ወደ አንቺ ዞርኩ።

ለይሉኝታ አይምሰልሽ። ያ ስልክሽ አንድ ቀን በራሱ አዲስ ነገር ጭኖ መንገዱን ቢያጠፋብሽ፣ ከእኛ ከሦስታችን «እዚህ ጋ ንኪ» የሚልሽ አንድም ሰው የለም። የማናውቀውን ቤት በስልክ ልናሳይሽ አንችልም። ስለዚህ አንዳችን ማወቅ አለብን፤ ከሦስታችን ደግሞ ብረት የሚፈታ እኔ ነኝ።

ሱቅ ስሄድ የምታስተናግደኝ ሴት «ምን አጎደለብህ?» አለችኝ።

«ምንም። እኅቴ ያንን ነው የምትጠቀመው» አልኳት።

«ታዲያ እሷ ትቀይራ፣ አይቀልም?»

«አይቀልም» አልኩና አስረዳኋት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ልትሸጥልኝ አልሞከረችም። ገመዱን ሰክታ ሁለቱን ስልኮች አገናኘችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ፎቶው ሄደ። ስልክ ቁጥሩ ሄደ። መልእክት ላይ ሲደርስ ከባለቤቴ ጋር የተጻጻፍነው፣ ከተዋወቅንበት ጀምሮ ያለው፣ አልተሻገረም። ሴትዮዋ «ሌላ መንገድ አለ፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሆናል። ልሞክርልህ?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። መጨረሻ የጻፈችልኝ ምን እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ «ወተት ያዝ» ነው። ያዝኩ፣ አልያዝኩ ትዝ አላለኝም።

«ይቅር» አልኳት።

አሮጌውን ስልክ እዚያው ተቀበሉኝ። ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብዙ ቆየሁ፤ አውቶቡሱ መጥቶ ሲያልፍ ዝም ብዬ አየሁት።

አሁን በምሳ ሰዓት ማሽኑ ክፍል ጣሪያ ላይ እቀመጥና ዓይኔን ጨፍኜ እለማመዳለሁ። ተቀምጬ ነው ደግሞ የምበላው፤ ይኸው ጻፍኩልሽ። ድምፁን ከፍቼ፣ ማያውን አጥፍቼ፣ ለአንቺ ልደውል ብዬ ለአለቃዬ ደወልኩ። «የት ነህ?» አለኝ፤ «ጨለማ ውስጥ ነኝ» ስለው መብራት ጠፋ ብሎ ሰው ላከልኝ። በጣም ደካማ ተማሪ ነኝ። አስተማሪሽ ብታውቀኝ ትጠላኛለች። ግን ሁለት ጣትና ሦስት ጣት ያልሽኝ ገብቶኛል።

ስልኩን አጥፊው። የሚጠቅመው ሰው ካለ ስጪልኝ።

እሑድ ሁለታችንም እንናገር። እኔ እቀድማለሁ፤ አንቺ ከእኔ ቀጥለሽ ግቢ።

ወንድምሽ


ጥር 27

ለወንድሜ፣

ሰላምና እረፍት ላንተ ይሁን። እሑድ የአንተን ተናግረህ ሳትጨርስ ሊፍት ቆመ ብለው ጠርተውህ ወጣህ። ሰዎቹን እንዳወጣህ በማግስቱ ነግረኸኛል፤ እኛ ቤት የሆነውን ግን ከሚጡ ብትሰማው በለቅሶ ታበዛዋለች፣ ከጋሼ ብትሰማው አያልቅም። ስለዚህ ልጻፍልህ። አስተማሪዋ መልሼ እያዳመጥኩ እንዳርም አስተምራኛለችና መንደር አልቀይርም።

አንተ ስትወጣ ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ። ስለ ሙሽሪት ረጅም ነገር ሊጀምር መሆኑን ስላወቅኩ ቀደምኩት። ካሜራውን ከፈትኩና፣ «እኔም የምነግራችሁ አለኝ። ታዩኛላችሁ?» አልኩ።

«እናይሻለን። ምነው ወደ መስኮት ታያለሽ?» አለች ሚጡ።

«እናንተን እያየሁ መስሎኝ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሚጡ አለቀሰች፣ እንዳልኩህ። ከዚያ ተቆጣች፤ «ያንን ፎቶ አየሁት ስትዪኝ እኮ ስቄብሻለሁ!» አለች። ልጇ ከጎን ምን ሆነሽ ነው እያለ ይጠይቃታል። ጋሼ ግን ዝም አለ። ጋሼ ዝም ሲል አላውቅም፤ ጥሪው የተቋረጠ መስሎኝ «አለህ?» አልኩት። «አለሁ» አለ። ድምፁ የአባታችንን መሰለኝ። ቤትሽን ሽጪ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ጠብታውን ማን ያደርግልሻል?» አለኝ። ራሴው ነኝ ስለው፣ «እኔ እኮ ነርሷን እንኳ አስቸግሬያት ነበር፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አለ። የእሱም ዓይን ግፊት አለበት ለካ። ለማንም አልነገረም። በዘር ይሄዳል ብላኛለች ሐኪሟ፤ አንተም ሳትውል ሳታድር ተመርመር፣ ሚጡንም እንደዚሁ ብያታለሁ። ይህ ልመና አይደለም።

ኋላ ጋሼ «ታዲያ ሁላችንም ወደ አንድሮይድ እንዙር?» አለ። የራሱን ካሜራ ማጥፋት የሚያቅተው ሰው ነው፤ ጥሪው ካለቀ በኋላም ጣሪያውን ሲያሳየን ይቆያል ትላለች ሚጡ። ተዉት አልኳቸው። አንዱ ስለዞረ ይበቃል። ያ የአይፎኑ ቡድን ተዘግቷል፤ ሚጡ ሁላችንም የምንገባበትን ሌላ ከፍታለች። ፎቶ ስትልክ አሁን ከሥሩ በድምፅ ትናገራለች። ትናንት የላከችው ልጇ ሁለቱን ጫማ አገላብጦ አድርጎ በር ላይ ቆሞ ነው፤ ግራው ማሰሪያ የለውም፣ አፉ ዙሪያ ቸኮሌት አለ፣ ከኋላው ያልታጠፈ ልብስ ተቆልሏል። ልብሱን መናገር አልነበረባትም፤ ግን ተናገረች።

የሙሽሪትን ስልክ ጠጋኙ አጠፋው። ከማጥፋቱ በፊት «የሚቀር ነገር አለ?» አለኝ። አንዷን የሠርግ ፎቶ ምን እንዳለባት ይንገረኝ ብዬ አስቤ ነበር፤ ተውኩት፣ የእኔ አይደለም። አስተማሪዋ ለአንዲት ተማሪዋ ሰጠችው፤ ጣቷ ገና ምንም ያልለመደ ነው፣ ለእሷ ሁሉም አንድ ነው።

እሑድ ጥሪው ሲያልቅ ጸሐይ ገና መስኮቴ ላይ ነበረች። ሶፋው ላይ ጋደም ልበል ብዬ ስልኩን አጠገቤ ሳስቀምጥ አስታውሳለሁ። ከዚያ ያለውን አላውቅም። በቀን ተኝቼ አላውቅም፤ ሌሊትም ለመጨረሻ ጊዜ መቼ በደንብ እንደተኛሁ እንጃ። ጎረቤቴ በሬን ክፍት አግኝታ ገብታ ስትነቀንቀኝ ነው የነቃሁት። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ደነገጠች።

«ምንም፣ እንቅልፍ ነው» አልኳት። ብርድ ልብስ አልብሳኝ፣ በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ዘግታልኝ ወጣች።

እኅትህ